ከናፍጣው ሥር ስንት ውሃ አለ?

ቦቴው ማደያ ገብቶ ቱቦው ከመገጠሙ በፊት መቅደም ያለበት ሥራ አለ። ሠራተኛው ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ አንስቶ ጫፉን ወርቃማ ቡናማ ቅባት ይቀባል፤ ከመሬት በታች ወደ ተቀበረው ታንክም ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ዘንጉ ወለሉን ነክቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ይወጣል። ከላይ በኩል ናፍጣው ያረጠበው መስመር የነዳጁን ከፍታ ያሳያል። ቅባቱ የተቀባው ግን ለታችኛው ጫፍ ነው። ናፍጣ የነካው ቅባት ቀለሙን አይቀይርም፤ ውሃ የነካው ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቀዩ የሚያበቃበት መስመር ላይ ጥፍር አሳርፎ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ማንበብ ይቻላል። የዚያ ቀይ መስመር ጫፍ ሁለት የማይዋሃዱ ፈሳሾች የሚገናኙበት ወሰን ነው፤ በላዩ የሚሸጥ ነዳጅ አለ፣ በሥሩ ሞተር የሚያቆም ውሃ።

ውሃው ከሥር የሚቀመጠው ከባድ ስለሆነ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 840 ግራም ገደማ። ወደ ታንኩ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ዝናብ ይሰርጋል፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ በባዶው የታንክ ክፍል ውስጥ ያለው እንፋሎት ጤዛ ሆኖ በግድግዳው ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከመርከቡ ወይም ከዲፖው ጀምሮ አብሮ የመጣ ይሆናል። ይህን ወሰን የማወቅ ጥያቄ በማደያ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ድፍድፍ ዘይት ከጉድጓድ ሲወጣ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ነው፤ በመለያ ታንክ ውስጥ እስኪለያይ ተጠብቆ ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይወሰዳል። ወሰኑ የት እንዳለ ካልታወቀ ዘይት ከቆሻሻ ውሃ ጋር ይፈስሳል፣ ወይም ውሃ ከዘይቱ ጋር ወደ ማሞቂያው ይገባል። በኬሚካል ፋብሪካም፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ዲፖም፣ ዘይት በሚጨምቅ ፋብሪካም ጥያቄው ያው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ኢንዱስትሪው ብዙ መሣሪያ ሠርቷል፤ ብዙዎቹም ግሩም ናቸው። ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሚገዙና ንባቡን የሚያምኑ ሰዎች ዘወትር የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ወሰኑን ራሱን አያዩም። የሚለኩት ክብደትን፣ ግፊትን፣ ወይም አንድ ምልክት ሄዶ የተመለሰበትን ጊዜ ነው። ከዚያ ተነስተው ወሰኑ የት እንደሆነ ያሰላሉ። ስሌቱ ውስጥ ደግሞ ሰው አስቀድሞ የነገራቸው ቁጥር አለ፦ «ላይኛው ፈሳሽ ይህን ያህል ይከብዳል፣ ታችኛው ይህን ያህል»። ፈሳሹ ተቀይሮ ቁጥሩ ሳይቀየር ከቀረ መሣሪያው አይበላሽም፣ ደወልም አይደውልም። እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ወሰንን መለካት ማለት ፈሳሾቹን ማወቅ ማለት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ፈሳሾቹን ሳያውቁ የተሻለ መሣሪያ መግዛት ስህተቱን ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ያስደነግጣል። በትልልቅ ታንኮች የተለመደው አንዱ ዘዴ የግፊት ልዩነት ነው። በታንኩ ጎን ላይ ሁለት ቀዳዳዎች በአንድ ሜትር ርቀት ይበሳሉ፤ ሁለቱም ሁልጊዜ ከፈሳሽ በታች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሙሉ በሙሉ ናፍጣ ከሆነ፣ የሁለቱ ግፊት ልዩነት 840 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር እኩል ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ 1000 ይደርሳል። መሣሪያው የሚጫወተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው የ160 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሜዳ ብቻ ነው። አሁን ከሌላ ጭነት የመጣ ቀለል ያለ ናፍጣ ገባ እንበል፤ አንዱ ሊትር 820 ግራም የሚመዝን። ልዩነቱ ሁለት ከመቶ ከምናምን ነው፤ በእጅ ቢያዝ አይታወቅም፣ በዓይን ቢታይ አይለይም። ከታችኛው ቀዳዳ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢኖር ትክክለኛው የግፊት ልዩነት 874 ይሆናል። መሣሪያው ግን ናፍጣው አሁንም 840 ነው ብሎ ስለሚያስብ ውሃው 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ይላል። ውሃው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ልዩነቱ 838 ነው፤ ይህ የመሣሪያው ዜሮ ከሆነው ከ840 በታች ነውና መሣሪያው «ውሃ የለም» ይላል። በናፍጣው ክብደት ላይ የታየች የሁለት ከመቶ ለውጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ውሃ ከመዝገብ ሰረዘች ማለት ነው።

ይህን የሚያመጣው የጭነት መለያየት ብቻ አይደለም፤ ሙቀትም ያመጣዋል። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሺህ አንድ ክፍል ትንሽ ባነሰ መጠን ይሰፋል። ከ40 ዲግሪ ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ የአንዱ ሊትር ክብደት 18 ግራም ገደማ ይጨምራል። የኢትዮጵያ ነዳጅ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። በባሕር ጠርዝ፣ በበጋው ቃጠሎ የተጫነ ቦቴ አፋርን አቋርጦ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቀዝቃዛ ከተማ ያራግፋል። ከላይ በሒሳቡ ያየነውን ያህል የክብደት ለውጥ አንድ ጭነት በአንድ ጉዞ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የነዳጅ ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ ሊትሩን በ15 ዲግሪ አስተካክለው ይቆጥራሉ፤ ገንዘብ ነውና። ለሚሸጠው ሊትር የሚደረገው ጥንቃቄ ለውሃው ወሰንም ሊደረግ ይገባው ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት እንዳይመስል እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2005 በቴክሳስ ሲቲ የሆነውን ማየት ይበቃል። በዚያ በቢፒ ኩባንያ ማጣሪያ ውስጥ 50 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አንድ የመለያ ማማ ከጥገና በኋላ ሥራ ሊጀምር በፈሳሽ ይሞላ ነበር። ከፍታውን የሚለካው መሣሪያ ፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠለ ሲሊንደር ነው። ፈሳሹ ሲሊንደሩን ወደ ላይ ሲገፋው የሚቀልለውን ያህል ክብደት ለክቶ ከፍታውን ያሰላል፤ የሚያየውም የማማውን የታችኛውን ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። ፈሳሹ ከዚያ አልፎ ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ ሲያሰጥመው ከላይ የፈለገው ያህል ቢጨመር መሣሪያው አይሰማውም። የሚሰማው የፈሳሹ ክብደት ሲለወጥ ብቻ ነው። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ እንደታየው መሣሪያው የተስተካከለው ጊዜ ባለፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በተጻፈ የመረጃ ቅጽ ነበር፤ በቅጹ ላይ የሰፈረው የፈሳሽ ክብደትም ማማው ውስጥ የነበረው አልነበረም። ከዚያ ማማው እየጋለ ሄደ፣ ፈሳሹም ቀለለ፤ መሣሪያውም ከፍታው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው አለ። ፍንዳታው ሊደርስ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው የመቆጣጠሪያው ክፍል ስክሪን 78 ከመቶ ያሳይ ነበር፤ ይህም ሁለት ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ነው። እውነተኛው ከፍታ ግን 48 ሜትር ደርሶ ነበር። ፈሳሹ ከማማው ጫፍ ወጥቶ ሲፈነዳ 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ቆሰሉ።

ቴክሳስ ሲቲ የአንድ ፈሳሽ ከፍታ ጉዳይ እንጂ የሁለት ፈሳሾች ወሰን ጉዳይ አልነበረም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። አደጋውም በአንድ መሣሪያ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ተጨማሪው የከፍታ ደወል ሳይሠራ ቀርቷል፣ ሌሎች የአሠራር ጉድለቶችም ነበሩ። ነገር ግን ያ ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ የፈሳሹን ክብደት ብቻ ያነብበት የነበረው ሁኔታ፣ ወሰን ለመለካት ሲሰቀል ዘወትር የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ለወሰን የተሰቀለ ሲሊንደር ሁልጊዜ የሰጠመ ነው፤ ግማሹ በናፍጣ፣ ግማሹ በውሃ። በቴክሳስ ሲቲ ለየት ያለ ችግር የነበረው ነገር እዚህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በሚሠራበት ቀን ሁሉ የሚመካውም ሰው በሰጠው የክብደት ቁጥር ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከመሣሪያ አምራቾችና ከመሐንዲሶች ይመጣል፦ ዛሬ በክብደት የማይሠራ ራዳር አለ፣ ችግሩ ተፈትቷል ይላሉ። መልሱን በጥሞና ማየት ተገቢ ነው፤ መሣሪያው በእርግጥ ድንቅ ነውና። በታንኩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች በወረደ ብረት ላይ የራዳር ምት ይላካል። ምቱ የናፍጣውን ገጽ ሲነካ ከፊሉ ይመለሳል፤ የቀረው በናፍጣው ውስጥ አልፎ ውሃውን ሲያገኝ ሌላ ጠንካራ ምልሰት ይሰጣል። በሁለቱ ምልሰቶች መካከል ያለው ጊዜ የናፍጣውን ውፍረት ይነግራል። ክብደት በዚህ ውስጥ አይገባም። ሆኖም የራዳሩ ምት በናፍጣ ውስጥ ሲሄድ በአየር ውስጥ እንዳለው አይፈጥንም። ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚወስነው የፈሳሹ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር የሚባለው ባሕርይ ነው፤ ለናፍጣ ሁለት ገደማ፣ ለውሃ 80 ገደማ። ይህንንም ቁጥር ለመሣሪያው የሚነግረው ሰው ነው። 2.0 ብሎ ሞልቶት እውነተኛው 2.2 ቢሆን የናፍጣው ውፍረት አምስት ከመቶ ያህል በዝቶ ይሰላል። ሦስት ሜትር ናፍጣ ባለበት ታንክ ይህ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወሰኑም 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። ራዳሩ ከክብደት ጥገኝነት ነፃ አውጥቶ ለሌላ ቁጥር አስረከበን። ከዚህ በላይ፣ ላይኛው ፈሳሽ ስስ ከሆነ ሁለቱ ምልሰቶች ተደራርበው አይለዩም፤ ውሃው ከላይ፣ ከውሃ የከበደው ኬሚካል ከታች ከሆነ ደግሞ ምቱ ውሃውን ዘልቆ ወሰኑን ማየት ይሳነዋል።

ከዚህም ሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ አንዳንዴ ወሰኑ ራሱ መስመር አይደለም። ድፍድፍ ዘይትና ውሃ ተንጠው ሲገቡ በመካከላቸው ከሁለቱም ያልሆነ፣ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎችን በዘይት ቆዳ የሸፈነ ወፍራም ድርብርብ ይፈጠራል። ቅቤ ሲነጠር ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከላይ አረፋ፣ ከሥር አተላ፣ በመሐል ንጹሑ ቅቤ፤ ጥርት ብሎ እስኪለይ ድረስ የአንዱ ጫፍና የሌላው መጀመሪያ አይታወቅም። እንዲህ ባለ ታንክ «ወሰኑ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መልስ ሊሆን አይችልም። በወሰኑ ላይ እንዲንሳፈፍ የተሠራ ተንሳፋፊ በድርብርቡ ጥልቀት ውስጥ አንድ ቦታ ይቆማል፣ የግፊት መሣሪያው አማካይ ያወጣል፣ ራዳሩ አንዳንዴ ጨርሶ ምልሰት አያገኝም። ሦስቱም ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሦስቱም በየራሳቸው አይዋሹም። ለዚህ ዓይነቱ ታንክ በየከፍታው አነስተኛ የጋማ ጨረር እያሳለፉ የእያንዳንዱን ድርብ እፍጋት፣ ማለትም የአንዱን ሊትር ክብደት፣ የሚያነቡ መሣሪያዎች አሉ፤ ከላይ እስከ ታች ያለውን ሙሉ ገጽታ ያሳያሉ። ከሁሉ ይልቅ ወደ እውነት የሚቀርቡት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ጥንካሬያቸው ደግሞ አንድን ቁጥር ከመገመት ይልቅ የፈሳሾቹን ባሕርይ በየቦታው ከመለካት የመጣ ነው። ዋጋቸውና የጨረራ ፈቃዳቸው ግን ከባሕር ላይ መድረኮችና ከትልልቅ ማጣሪያዎች በስተቀር ለብዙዎች የሚቀመሱ አያደርጋቸውም።

ወደ ማደያው ስንመለስ ፈሳሹ ሲለወጥ መሣሪያው ሳይለወጥ ሲቀር የሚሆነውን ከሁሉ በላይ ግልጽ የሚያደርገው ኤታኖል ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚሸጠው ቤንዚን ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት በፊንጫ ከተመረተ ኤታኖል ጋር በአምስት ከመቶ እንዲደባለቅ ተደረገ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ አሥር ከመቶ ከፍ አለ። የውጭ ምንዛሪ ለማዳን የተወሰደ ምክንያታዊ እርምጃ ነበር፤ ብዙ አገሮችም ያደርጉታል። ነገር ግን ኤታኖል ውሃ ይወዳል። አሥር ከመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በ15 ዲግሪ ገደማ ከመቶ ግማሽ ያህል ውሃ አሟሙቶ ይይዛል፤ በአሥር ሺህ ሊትር ውስጥ 50 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ ወይም ሌሊት ታንኩ ሲቀዘቅዝ፣ ውሃው ብቻውን አይወርድም፤ ኤታኖሉን ጎትቶ ይወርዳል። ከታንኩ ሥር የሚተኛውም ከገባው ውሃ በብዙ እጥፍ የበለጠ የአልኮልና የውሃ ድብልቅ ነው። ከላይ የቀረው ቤንዚን ደግሞ ኤታኖሉን አጥቶ ኦክቴኑ ይወርዳል።

ታንኩ ውስጥ ሁለት ተንሳፋፊ ያለው ዘመናዊ ዘንግ ተተክሎ ከሆነ አንዱ በቤንዚኑ ላይ ይዋኛል፤ ሁለተኛው በቤንዚን ውስጥ ሰጥሞ በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ተንሳፋፊ የተመዘነው ለንጹሕ ውሃ ነው። የአልኮልና የውሃ ድብልቁ ግን ከውሃ በጣም ይቀላል፤ ንጹሕ ኤታኖል በሊትር 789 ግራም ብቻ ነው። ተንሳፋፊው ድብልቁ ውስጥ ሰጥሞ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ስክሪኑም ውሃ ዜሮ ይላል። ለተራ ውሃ የተሠራው ቅባትም እንደዚህ ባለ ድብልቅ ውስጥ ደካማና አሳሳች ቀለም ሊሰጥ ይችላል። ለአልኮል ድብልቅ የተሠሩ ተንሳፋፊዎችና ቅባቶች በገበያ አሉ፤ እነሱን ማስገባት ከባድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ማንም የማይጠይቅ ከሆነ ማንም አያስገባም። ነዳጁ ሲቀየር ከዋጋው እኩል «ከሥሩ የሚተኛውስ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር ነበረበት።

ታዲያ በዘንግና በቅባት መለካት ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ዘንግ በሰው እጅ የሚያዝ ነው፤ ዘመም ካለ ይዋሻል፣ የቸኮለ እጅም ይሳሳታል። ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ትነት ጤና ይጎዳል፤ በትልልቅ ታንኮች ደግሞ ነዳጁ ሲፈስ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እስኪረግፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጠበቅ ብረት ማውረድ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሰው ቢደክም ወይም ሌሊት ቢሆን ንባብ አይኖርም፤ መሣሪያው ግን አይተኛም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ቅባቱ የሚመካው በውሃ ኬሚስትሪ ነው፣ ተንሳፋፊው በክብደት፣ ራዳሩ በምልሰት ፍጥነት። አንዱ የሚሳሳትበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን አያሳስትም። ሁለት አንድ ዓይነት መሣሪያ መትከል አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ መፈረም ነው፤ በተለያየ ባሕርይ የሚሠሩ ሁለት መለኪያዎች ሲለያዩ ግን መለያየታቸው ራሱ ፈሳሹ መቀየሩን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ወጪው ለትንሽ ማደያ ከባድ ነው የሚለው ሥጋት እዚህ ላይ ይቀላል፤ ሁለተኛው መለኪያ አንድ ቆርቆሮ ቅባትና የአምስት ደቂቃ ሥራ ነውና።

ትንሽ ውሃ ይህን ያህል ምን ያመጣል የሚሉ ደግሞ ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛው ወሰኑ ላይ ሕይወት ያለው ነገር መኖሩ ነው። የኬሮሲን ፈንገስ የሚባለው ሻጋታ የሚበቅለው ውሃና ነዳጅ በሚገናኙበት በዚያው ቀጭን ቦታ ነው፤ ከላይ ነዳጁን ይበላል፣ ከታች ውሃውን ይጠጣል፤ የሚተወው አሲድ የአውሮፕላን ታንክ አሉሚኒየም ይበላል፣ ጭቃው ማጣሪያ ይደፍናል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2010 በካቴይ ፓስፊክ በረራ 780 ላይ የሆነው ነው። በኢንዶኔዥያ ሱራባያ አውሮፕላን ማረፊያ በተካሄደ ግንባታ ምክንያት የነዳጅ መስመሩ ውስጥ የባሕር ውሃ ገብቶ ነበር። ጨዋማው ውሃ ነዳጁን ሊያጣራ በተተከለው ማጣሪያ ውስጥ ካለው ውሃ መጣጭ ፖሊመር ጥቃቅን እንክብሎችን ለቀቀ፤ እንክብሎቹ ከነዳጁ ጋር ወደ ኤርባስ 330ው ሞተሮች ገብተው የነዳጅ መቆጣጠሪያዎቹን አጣበቁ። አውሮፕላኑ ሆንግ ኮንግ ሲያርፍ አንዱ ሞተር ግፊቱን አልቀንስ ብሎት ፍጥነቱ 230 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። 322ቱም ሰዎች በሕይወት የወጡት በአብራሪዎቹ ብቃት ነው።

ስለዚህ በየታንኩ መዝገብ ላይ ከውሃው ከፍታ ጎን ሁለት ዓምዶች እንዲኖሩ መጠየቅ ብዙ አይደለም፦ የዕለቱ ሙቀትና የጭነቱ እፍጋት። ሁለቱም በቴርሞሜትርና በሃይድሮሜትር፣ ጭነቱ ሲገባ ከቦቴው በሚቀዳ አንድ ብርጭቆ ናፍጣ ይለካሉ። መሣሪያውን ያስተካከለው ቴክኒሻን ምን ቁጥር እንደሞላበት፣ መቼ እንደሞላበትም በስክሪኑ አጠገብ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ አዲስ ጭነት ሲመጣ የተረኛው ሠራተኛ ሁለቱን አስተያይቶ «ይህ ንባብ ለዚህ ናፍጣ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ኤታኖል በሚደባለቅበት ታንክ ደግሞ ተንሳፋፊውና ቅባቱ ከመጀመሪያው ቦቴ በፊት ይቀየሩ።